የንግሥቲቱ አንገትጌ

እናትየው የሞተችው በወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ልጅቷ ሁለት እጇን ልብስ ሞልታ የቲያትር ቤቱን የአልባሳት ክፍል በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ «እማዬ፣ ንግሥቲቱ ደግሞ ወፍራልሻለች፤ ቀሚሱ ወገቧ ላይ ሲደርስ አሻፈረኝ አለ» እያለች ነበር። መልስ አልመጣም። የእናቷ መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል፤ አንገቷ ወደ ጎን ዘምሟል፤ ልጅቷ ራሷ ስትሠራው የከረመችው አንገትጌ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ የኪሮሽ መርፌው ተንጠልጥሎበታል። ልጅቷ እንቅልፍ መስሏት ለአፍታ ደስ አላት፤ እናቷ አርፋ አታውቅምና። ጠጋ ብላ ትከሻዋን ስትነካት ግን ልብሱ ሁሉ ከእጇ ወደቀ።

ጩኸቷን ሰምታ ቀድማ የደረሰችው አክስቷ ናት። የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ዘመኗን ሁሉ በዚሁ ክፍል ከእህቷ ጎን ስትሰፋ የኖረች፣ እናትየው ከተዋንያኑ ጋር አገር ላገር ስትዞር ልጅቷን አዝላ ያሳደገች፣ ትልቅ ትንሹ «እታለም» እያለ የሚጠራት ሴት። እታለም እህቷን አቅፋ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። «እህቴ! ኧረ እህቴ! ምን አደረግሽኝ! ለምን ነካሽው? ያንቺ ሥራ አይደለ! ተነሺ በቃ፣ ተነሺ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ ከኋላዋ የመጡት ሰዎች ሊያላቅቋት አልቻሉም። ልጅቷ የራሷን እንባ ውጣ አክስቷን ለመደገፍ ተንበረከከች።

የሰፈሩ ሐኪም «ልብ ነው» አለ። የሟች ልብ ደካማ መሆኑን ቲያትር ቤቱ በሙሉ ስለሚያውቅ የተከራከረው አልነበረም። የሆስፒታሉ ሐኪም ግን ነገሩ ስላላማረው እንደገና መረመረ። ከቀብር በኋላ ውጤቱ ሲመጣ፣ ልቧ መቆሙ እውነት ሆኖ ያቆመው መርዝ ሆነ። ያን ጊዜ ነው የፖሊስ መርማሪው ሻምበል የተላከው።

ሻምበሉ አጠር ያለ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስጮህ ሰው ነው። ሲያዩት የሆነ ቦታ ሄዶ ጃንጥላውን የረሳና ሊወስድ የተመለሰ ይመስላል። ክፍሉን ተዘዋውሮ አየ፤ የልብስ መኪናዎቹን፣ ልብስ የሚለካባቸውን ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ክር። ከዚያ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ አለና ልጅቷን፣ «አንቺ እዚሁ ክርሽን እየለየሽ ሁኚ። የሥራ ቃል ሲያመልጠኝ ትተረጉሚልኛለሽ» አላት።

ሐኪሙ መርዙ ምን እንደሆነ ነግሮታል። ድሮ ሱፍ ልብስ ብል እንዳይበላው የሚረጭ፣ በኋላ የተከለከለ ፈሳሽ ነው። ሟች የጠጣችበት የሻይ ብርጭቆ ግን ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። መርዙ አፏ ውስጥ በምን በኩል እንደ ገባ የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ የተጠሩት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ወገባቸው ላይ ከሚንቀጫቀጨው የቁልፍ ጥቅል የተነሣ ስማቸው ጠፍቶ «ጋሼ ቁልፍ» ሆነው ቀርተዋል።

«የብል መድኃኒቱ የት ነበር ጋሼ?»

«መጋዘኑ ውስጥ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ። ጣለው ተብዬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል…»

«ተቆልፎበት?»

«እንዴታ! ተቆልፎበት ነው እንጂ።»

«ቁልፉስ?»

ጋሼ ቁልፍ አንገታቸውን ደፉ። «ምስማር ላይ። በሩ አጠገብ። ይህን ሁሉ ብረት ስሸከም ውዬ ወገቤ ሊቆረጥ ነው ሻምበል! እያስቀመጥኩት ነው ሻይ የምሄደው።»

«ከሟች ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ላገባት ጠይቄያት እንቢ ብላኛለች።»

«ተቀየሙ?»

«ምን ያስቀይመኛል? እንቢ ማለቷን እኮ ለምጄዋለሁ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ እንቢ ትላለች፣ ሻይ እንጠጣለን።» ፊታቸውን በመሐረብ ጠራረጉ። «አሁን ማን እንቢ ይለኛል?»

ሻምበሉ ማስታወሻውን ገለጠና፣ «ሟች ጭን ላይ ለተገኘው አንገትጌ ክር ያወጡት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«አዎ፤ አዘጋጁ ያዘዘውን፣ ያንን የሚያብረቀርቀውን ሰው ሠራሽ ክር። ፈርመው ወሰዱ።»

ቀጥሎ የተውኔቱ አዘጋጅ መጣ። ቀጭን ነው፤ በየቃሉ መሐል እጁን የሚያወናጭፍ፣ ሁሉም ነገር የሱ ሐሳብ የሆነ ሰው። ከሟች ጋር መጣላቱን አልደበቀም። «እኔ ንግሥቲቱ ከሩቅ እንድታበራ እፈልጋለሁ። እሷ ደግሞ "የሚያብረቀርቅ ክር መብራቱን መልሶ ይተፋዋል፣ ሱፍ ግን ይጠጣዋል፣ ፊቷ ይታያል" ትለኛለች። ስለ ክር ይህን ያህል የተጨቃጨቀ የለም! መጨረሻ ላይ ግን ያልኩት ሆነ። በሚያብረቀርቀው እየተሠራ ነበር።»

ልጅቷ ቀና አለች። ክሯን ሲለይ የነበረው እጇ ቆመ። አንገትጌው በሚያብረቀርቀው እየተሠራ አልነበረም። መሠረቱ ቅርጽ እንዲይዝ በጥጥ ክር፣ ገላው በወይን ጠጅ ሱፍ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ጠርዙ ላይ ብቻ ሊውል ነበር። እናቷ ከአዘጋጁ ጋር ላለመነታረክ ፈርማ ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ወሽቃው ነበር።

«ይህ አንገትጌ ለምን ይህን ያህል አሳሰባችሁ?» አለ ሻምበሉ።

«የልጅቷ መፈተኛ ስለ ነበር ነዋ! ሟች ጡረታ ልትወጣ ነበር። ክፍሉን ለማን ትተይዋለሽ ብላት "ለልጄ" አለችኝ። ልጅ ናት ብዬ ብከራከራት፣ "ይህን አንገትጌ ብቻዋን ሠርታ ታምጣልህ፣ ካልወደድከው ሌላ ሰው ቅጠር" አለችኝ። እኔ እንደውም በሱቅ የተገዛ ይበቃል ባይ ነበርኩ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ለማንም አልተናገርኩ። ለእታለም ብቻ ነግሬያታለሁ፤ ደስ ይላታል ብዬ።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ «ይህን አንገትጌ ብቻሽን ሥሪው» ከማለት ሌላ ያለቻት አልነበረም። መኩራት ፈለገች፤ አልሆነላትም። እታለም ሰምታ ለምን ዝም እንዳለቻት ግራ ገባት።

ንግሥቲቱ የተባለችው ዋናዋ ተዋናይ ከመድረክ ወርዳም ዘውዷን የማታወርድ ሴት ናት። «ሱፍ አንገቴን ይበላኛል ብያቸው ነበር፤ ይቀየራል ተባልኩ፤ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ጠብ የለንም። ወፍራለች ማለታቸውን ግን ሰምቻለሁ» ብላ ልጅቷን ገላምጣት ወጣች።

እታለም ስትገባ ሻምበሉ ራሱ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ታፍኗል። ስለ ሥራው ሲጠይቃት ግን ፊቷ ጥቂት ፈታ አለ። «እዚህ ክፍል አንድ ሕግ አለን። የአንዱን ሥራ ሌላ እጅ አይነካውም። ክር ሲስብ የሁሉም እጅ ይለያያል። የኔ መካከለኛ ነው፤ የእህቴ ጥብቅ ያለ ነበር፤ የዚህች የኔ ልጅ ልል ነው። ሁለት እጅ ከገባበት ሥራው ይጣመማል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ጥሳው አታውቅም።»

«ሌላ የሚሉት ነገር አለ?»

«አንድ ነገር ልለምንዎት። አንገትጌውን ይስጡኝ። ፈትቼ እንደ አዲስ ልሥራውና ለመክፈቻው ቀን ይድረስ። የእህቴ መታሰቢያ ይሁን።»

«ይቆይ» አላት ሻምበሉ በለሰለሰ ድምፅ።

እሷ ስትወጣ ልጅቷን ጠራት። «ነይ እስኪ አስተምሪኝ። ሐኪሙ ከእናትሽ ከንፈር ላይ የወይን ጠጅ ሱፍ ብናኝ አግኝቷል። ሰው ክር ለምን ይቀምሳል? እጄን ሳላስገባ የሚገባኝ አልመሰለኝም።»

ኪሮሽ አስያዘችው። ሻምበሉ መርፌውን እንደ ማንኪያ ጨበጠው። ከብዙ ላብ በኋላ የሠራው ሰንሰለት ሌባ ያሰሩበት ይመስል ነበር፤ ልጅቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ክሩ ሲያልቅስ?» አላት።

«በጥጥ ከሆነ ትቋጥረዋለህ… ይቅርታ፣ ይቋጥሩታል። የሚያብረቀርቀውንም እንደዚያው። ሱፍ ግን ቋጠሮ አይወድም፤ እብጠቱ ይታያል። ሱፍ እንዲህ ነው።» ቅርጫቷ ውስጥ ከነበረ ሌላ ልቃቂት ጫፉን ሳበችና ለምራቅ ወደ አፏ አስጠጋች።

ሻምበሉ እጇን ቀጨም አደረጋት። ወንበሩ ከኋላው ተገለበጠ።

«ተይ! ወደ አፍሽ አታስገቢ!»

«ለምን? ሁልጊዜ እኮ ነው። በምራቅ ታርሺውና ሁለቱን ጫፍ በመዳፍሽ ታሺዋለሽ፤ ሱፉ ይዋሃዳል። እማዬም እንደዚሁ፣ እታለምም…» ድምጿ ቀስ እያለ ጠፋ። የያዘችውን ክር አየችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ጣለችው።

የላቦራቶሪው መልስ ሲመጣ እንደ ጠረጠረው ሆነ። አንገትጌው ላይ ከነበሩት ክሮች ሁሉ መርዝ የተገኘው ሁለት የሱፍ ጫፎች በታሹበት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ሻምበሉ ይህን ለሁሉም ነገራቸው። ቀጥሎ ልጅቷን በሰው ፊት ጠየቃት።

«አንገትጌው ላይ የተያያዘው ይህ አዲስ ልቃቂት የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ማን ጠቀለለው?»

«እኔ። ግን ገና አልጀመርኩትም ነበር! ቅርጫቴ ውስጥ ነው ትቼው የወጣሁት።»

አዘጋጁ ቀስ ብሎ ከአጠገቧ ፈቀቅ አለ። ልጅቷ አየችው። እናቷን የገደላት ክር በሷ እጅ የተጠቀለለ፣ ከሷ ቅርጫት የወጣ ነው። ሌላ ተጠርጣሪ ካልተገኘ የሚወስዷት እሷን መሆኑን ለመረዳት ሰው አላስፈለጋትም። ያኔ ትከሻዋን ያቀፋት አንድ እጅ ብቻ ነበር። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔ እያለሁልሽ ማን ይነካሻል» አለቻት እታለም። ልጅቷ አክስቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሻምበሉ ሁሉንም በአልባሳት ክፍሉ ሰበሰባቸው። ጋሼ ቁልፍ በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ንግሥቲቱ ከሁሉም ምቹ የሆነውን ወንበር ያዘች፤ አዘጋጁ ሰዓቱን ያያል። እታለምና ልጅቷ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሻምበሉ አንገትጌውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ከቀላሉ ልጀምር» አለ። «መርዙን ያስቀመጠው ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ ሱፍ በምራቅ እንደሚያያዝ። ሁለተኛ፣ ይህ አንገትጌ በሱፍ እየተሠራ እንደ ነበር። ጋሼ ቁልፍ፣ እርስዎ ያወጡት ክር የሚያብረቀርቀውን ነው። አንተ አዘጋጅ፣ ትእዛዝህ የተፈጸመ መስሎህ ስትኮራ ነበር። አንቺ ንግሥት፣ ሱፉ ተቀይሯል ብለሽ አንገትሽን ማከክ አቁመሻል። ሦስታችሁም ብትመርዙ ኖሮ የምትመርዙት ሌላ ክር ነበር፤ እሱን ደግሞ አፉ የሚያስገባ የለም።»

«ተቀይሯል አላላችሁኝም?» አለች ንግሥቲቱ ተቆጥታ። የሰማት አልነበረም።

«ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ብቻ ቀሩ። እናት፣ ልጅ፣ አክስት። ልቃቂቱ የልጅቷ ነው። ነይ ልጄ።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ሥራሽን እይው። አንገትጌው ከተወሰደብሽ ወዲህ በእጅሽ አልነካሽውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንቺ እጅ ነው?»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። ጣቷን በረድፎቹ ላይ አስኬደች። መሠረቱ የሷ ነው፤ ገላውም የሷ ነው፤ ልል፣ አየር የሚያስገባ። ወደ ጫፉ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እዚያ ቀለበቶቹ ጥርስ የነከሱ ይመስል ጥብቅ ብለዋል። እሷ ስትሠራው ግራው በኩል እየተንጋደደ አስቸግሯት፣ እንዳላየ ሰው ያለፈችው ቦታ ነበር። አሁን ተቃንቷል።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «ይሄ የእማዬ እጅ ነው።»

«አዎ። አንቺ ቀሚስ ልትለኪ ስትወጪ አንስታው አየችው። አዘጋጁ ያን ቀን ሊያየው እንደሚመጣ ታውቃለች። የተንጋደደውን ፈታች፤ እንደገና ሠራችው። ዕድሜ ልኳን የጠበቀችውን ሕግ ላንቺ ስትል ሰበረች፤ ላንቺም ልትነግርሽ አላሰበችም። አሮጌው ክር ሲያልቅ ከቅርጫትሽ አዲሱን ልቃቂት አነሣች። ጫፉን አፏ ውስጥ አስገባች።»

ሻምበሉ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«እኔም የመጣሁ ቀን እናንተ የጠየቃችሁትን ነው የጠየቅሁት፤ ማን ጠላት፣ ማን ተጣላት እያልኩ። ጥያቄው ስሕተት ነበር። እሷ ይህን ሥራ ትነካለች ብሎ የሚያስብ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ ልቃቂት ጫፍ ይዞ ከንፈሩ ላይ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው መሆን የነበረበት፤ ሥራው የሱ የሆነው።» ልጅቷን አየ። «የተመረዘው ላንቺ ነበር።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

«ላንቺ የተዘጋጀ ከሆነ ያዘጋጀሽው አንቺ አይደለሽም። ከሦስት ሰው ሟችን ስናወጣ፣ አንቺን ስናወጣ…» ሻምበሉ አልጨረሰም። ወደ እታለም ዞረ። «ወይዘሮ፣ ለቅሶዎ እውነት ነበር። እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው። ያልገደሉትን ሰው የሚያለቅሱት ለቅሶ ነበር፤ እሷን ለመግደል አላሰቡማ። ያን ቀን ግን በሁሉም ፊት "ለምን ነካሽው" እያሉ ጮኹ። ሐኪም ገና ሳይደርስ፣ የሁሉም ሐሳብ ልቧ ላይ በነበረበት ሰዓት፣ መንካቷ እንደ ገደላት እርስዎ ያውቁ ነበር። በኋላም አንገትጌውን ልፍታው አሉኝ። መታሰቢያ የሚፈልግ ሰው የእህቱን የመጨረሻ ሥራ ይፈታል?»

እታለም እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ልጅቷ አክስቷ እንድትቆጣ፣ እንድትሳደብ፣ ሻምበሉን እንድታዋርድ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ያኔ ልጅቷን አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ጠዋት» አለች። «ቀሚሱን ይዤ ልወጣ ስል በሩ ላይ አስቁመሽኝ፣ "አዲሱን ክር ስትጀምሪ በደንብ አርጥቢው፣ ይህ ሱፍ ደረቅ ነው፣ አይያያዝልሽም" አልሽኝ። ግንባሬን ስመሽ።»

ጋሼ ቁልፍ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ልትታመሚ ብቻ ነበር» አለች እታለም በመጨረሻ። ድምጿ የተለመደው ድምጿ ነው፤ ይህም ከሁሉ የከፋ ነበር። «አንገትጌው ሳይደርስ እንዲቀር፤ አዘጋጁ ወደኔ እንዲመጣ። ወንበሩ የኔ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ "ከኔ ቀጥሎ አንቺ ነሽ" ስትለኝ ነው የኖረችው። ያንን አምኜ ባል አላገባሁ፣ ልጅ አልወለድኩ። ልጇን አሳደግኩላት። እሷ ልጇን አምጥታ አስቀመጠችብኝ፤ ያውም ለኔ ሳትነግረኝ፣ ከዚህ ሰው አፍ ሰማሁት!» አዘጋጁን አሳየች። አዘጋጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ማወናጨፍ ተወ።

«ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ተሥሏል» አለ ሻምበሉ። «ለማሳመም የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም።»

«እሷ ለምን ነካችው?» አለች እታለም፤ አሁን ለማንም አልነበረም የምትናገረው። «መንካት አልነበረባትም።»

ልጅቷ እናቷንም ልትጠላት ፈለገች። ቃል ገብታ የከዳች፣ ለአንዷ የተሰጠውን ለሌላዋ የሰጠች፣ ለሁለቱም ሳትናገር የሞተች እናት። ዓይኗ ግን ከዚያ ጥብቅ ረድፍ ላይ አልነሣ አላት። መጥላቱ አልሆነላትም፤ ይቅር ማለቱም አልሆነላትም።

«እኔን ብትነግሪኝ እኮ እተውልሽ ነበር» አለች። «ወንበሩን። እታለም፣ ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር!»

እታለም ቀና ብላ አየቻት። ይህን መልስ አስባው እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

ደጅ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ገቡ። እታለም ሳትታገል ተነሣች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ጠረጴዛው ላይ የወደቀ ብጣሽ ክር አንሥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረች። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ገባ። አክስትየዋ የበሩ ደፍ ላይ ዞር አለች።

«ብርድ ገብቷል፤ ሹራብሽን ደርቢ» አለች።

ልጅቷ እጇን ወደ ወንበሩ ሰደደች። ሹራቡን አነሣች፤ አንድ እጇን በእጅጌው አሳለፈች። እታለም የሠራችላት ሹራብ ነው፤ ልብሷ ሁሉ እታለም የሠራችላት ነው። ሕፃን ሳለች ጀምሮ ይህን ድምፅ ስትሰማ ሰውነቷ ሳይጠይቃት ይታዘዛል፤ ዛሬም ታዘዘ። በሩ ተዘጋ። ልጅቷ ግማሽ ሹራብ ለብሳ በክፍሉ መሐል ቆመች፤ ሌላውን እጇን ታስገባ ወይም ያስገባችውን ታውጣ አላወቀችም። ሰዎቹ ቀስ እያሉ ወጡ። ሻምበሉ በመጨረሻ ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ገጠመው።